ጉርምርምታ የሌለው ማጉያ

ስለ ራሴ ማውራት አላፍርም። ትምህርት ቤት የተቀመጥኩት ፊደል እስክለይ ብቻ ነው። ሬዲዮን ግን ማንም ሳያስተምረኝ ከፍቼ፣ ፈትቼ፣ አቃጥዬ፣ መልሼ ገጥሜ ተማርኩት። አሶሳ ገበያ ዳር በነበረችኝ የቆርቆሮ ሱቅ ከኩርሙክ የመጣ ነጋዴ፣ ከባምባሲ የመጣ ገበሬ፣ ከመሃል አገር ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ወረፋ ይዟል። እኔ እጅ ገብቶ ሳይናገር የወጣ ሬዲዮ አላስታውስም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራም ቢሆን እውነት ነው።

የማልወደው አንድ ምስጋና ብቻ ነው። እስከ ዛሬ አንዳንድ እኩዮቼ «የጆሮ ሐኪሙ» ይሉኛል። ሲሉኝ ፊቴን አዞራለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል። ከእኔ ትሕትና!

ክልሉ አዲስ በተቋቋመ ሰሞን ነው። ትናንት መጋዘን የነበረ ቤት ዛሬ ሰሌዳ ተሰቅሎበት ቢሮ ሆኖ ያድራል። ለዚያው ደስታ የበርታ ዋዛ ነፊዎች ተጠርተው ሜዳው ላይ ተጫወቱ። ዋዛ ቅል በቅል ላይ ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ዋዛ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ዋዛም ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚሞላው ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ሲነፉ ነው። አንዱ ከቀረ እንደ ወለቀ ጥርስ ቦታው ይታወቃል። ትልቁ ዋዛ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ድምፁን ከጆሮህ በፊት ሆድህ ይሰማዋል። ያን ዕለት ትልቁን የነፋው ከሱቄ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት የበርታ እናት ልጅ ነበር። ለባህል ሥራ ከሌላ ክልል የመጣ አንድ ወጣት ሠራተኛ ጨዋታውን በካሴት ቀዳው።

ብዙም ሳይቆይ ልጁን ወባ ወሰደው።

ሠራተኛው ደግ ሰው ነበርና ካሴቱን ገልብጦ ለእናቲቱ ሰጣቸው። እሳቸው ግን ጆሯቸው ከብዶ ነበር። ቴፑን ዝቅ አድርገው ሲከፍቱት ጨዋታው ከሩቅ መንደር የሚመጣ ይመስላቸዋል። ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ ጎረቤት «ሐዘን ቤት ጭፈራ ተጀመረ» ብሎ አማቸው። በዚህ ጊዜ የልጁ ሚስት ሱቄ መጣች።

«ኡስታዝ» አለችኝ። ኡስታዝ የምትለኝ ስታላግጥብኝ ነው። «የማልሠራው ነገር የለም ትል የለ? እስቲ አማቴ ብቻቸውን የሚሰሙበት ነገር ሥራ።»

«የጆሮ ማዳመጫ ነዋ!»

«ማዳመጫውንማ ሠራተኛው ሰጥቶናል። ቴፑ ላይ ስንሰካው ትንኝ ነው የሚመስለው።»

«እኔ ማጉያ እሠራለታለሁ። ትንኙ በሬ ይሆናል።»

«በሬ መች ፈለግን?» አለች። «ባሌን ነው የፈለግነው።»

ከሞቱ የድሮ ሬዲዮዎች ያጠራቀምኳቸው ቫልቮች ነበሩኝ። ቫልቭ ማለት አምፖል የሚመስል፣ ውስጡ ያለው ክር ሲግል የሚቀላ ብልቃጥ ነው። ሳጥኑን ከሱዳን ከሚመጣ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ አጠፍኩት፤ እግሮቹን ከቀርከሃ፣ የድምፅ መጨመሪያውን ራስ ከሽቶ ጠርሙስ ክዳን ሠራሁ። ከኪሴ የወጣው የመበየጃው የስታኞ ዋጋ ብቻ ነው። መብራት ሲገባበት ቆርቆሮው እየሞቀ ጠቅ ጠቅ ይላል። ብልቃጦቹ እስኪቀሉ ድምፅ የለም። ከዚያ በር ተከፍቶ ሰው እንደሚገባ፣ ድምፁ ቀስ ብሎ ይገባል። ትራንዚስተር የሰውን ድምፅ አጥንቱን ነው የሚያሳይህ፤ በቫልቭ ሲያልፍ ሥጋ ይለብሳል። ያን ዓይነት ሥራ በዚያ አካባቢ ከእኔ በቀር የሠራ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ፤ ጉርምርምታ። ያኔ ከተማው መብራት የሚያገኘው ከጄኔሬተር ነበር፤ ማጉያዬም የመብራቱን ጉርምርምታ እየሳበ ጆሮ ውስጥ ወፍጮ ቤት ይከፍታል። ሽቦ አዞርኩ፣ ትራንስፎርመር አራቅኩ፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ ድምፁ ወደ ማዳመጫው የሚያልፍበትን ኮንደንሰር የሚባል ዕቃ ነቅዬ በጣም ትንሽ ተካሁበት። ጭጭ! በዜና አንባቢ ሞከርኩት፤ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ ወጣ። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲያ ሱቄ የገባን ሁሉ ማዳመጫውን አጠልቅለትና «ምን ይሰማሃል?» እለዋለሁ።

«ምንም።»

«እሱ ነው ጥበቡ!»

ለእናቲቱ የማስረክብ ዕለት አመሻሹ ላይ ሰው ሰብስቤ ሄድኩ። ወጣቱ ሠራተኛም መጣ። እናቲቱ ምንጣፋቸው ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ማዳመጫውን ከሻሻቸው በላይ አጠለቅኩላቸው። ብልቃጦቹ ቀሉ። ፈገግ አሉ። ጣታቸው ከትናንሾቹ ዋዛዎች ጋር መቁጠር ጀመረ፤ ከዚያ ቆመ። እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው አንገታቸውን ቀና አድርገው ጠበቁ።

«ልጄ የለም» አሉ። «ትንሹ አለ። ሌላው አለ። ልጄ የለም።»

«ካሴቱ ላይ አለ እኮ፤ እኔ ሰምቼዋለሁ» አለች ምራታቸው።

ሠራተኛውም «እኔ ስቀዳ ነበረ» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ።

«ማሽኑ እንከን የለበትም!» አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ጉርምርምታ እንኳ የሌለው ማሽን ነው። ጆሯቸው ነው። በዚህ ዕድሜ ወፍራም ድምፅ ጆሮ አይዘውም።»

ይህን ዕውቀት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሰው ፊት ስቆም አንደበቴ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

እናቲቱ ከአፌ የወጣውን ከምራታቸው ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጆሮዬ ነው» አሉ። ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው አውልቀው፣ እንዳይሰበር እየተጠነቀቁ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ሰዎቹ እየወጡ «መቼም ማሽኑ ግሩም ነው» አሉኝ። እኔም አመሰገንኳቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የረሳሁትን ካቻቢቴ ልወስድ ተመለስኩ። ምራቲቱ ደጃፍ ላይ ማሽላ ታበጥራለች። ሰላምታዬን ሳትመልስ በአገጯ ወደ ውስጥ አመለከተችኝ።

እናቲቱ ምንጣፉ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ቴፑ በድንጋይ ባትሪ፣ ውጭ እንዳይሰማ ዝቅ ተደርጎ ይዘፍናል። ጉንጫቸውን ስፒከሩ ላይ ለጥፈዋል፤ አንድ እጃቸው የቴፑን ጀርባ አቅፏል። ትልቁ ዋዛ ተራው ደርሶ በተነፋ ቁጥር ሌላው መዳፋቸው ምንጣፉን ቸብ ያደርጋል። አንዴም አልሳቱም።

«ትናንት ከወጣችሁ ጀምሮ እንዲህ ናቸው» አለች ምራቲቱ ከኋላዬ። «ወፍራሙን ጆሮ አይዘውም ነበር ያልከው፣ ኡስታዝ?»

በሩ ላይ ቆሜ ገባኝ። ጉርምርምታውና ትልቁ ዋዛ የአንድ ሰፈር ድምፆች ናቸው፤ ሁለቱም የሚኖሩት ከታች ነው። በትንሽ ኮንደንሰር በሩን ሳጠበው ወፍራም ሆኖ የመጣ ሁሉ ውጭ ቀረ። የዜና አንባቢው ድምፅ ቀጭን ነበርና አለፈ። የእኚህ ሴት ጆሮ ደግሞ ሳይጎላለት የሚይዘው ወፍራሙን ብቻ ነበር። የማይሰሙትን አጉልቼ፣ የሚሰሙትን አንድ ድምፅ ከልክዬ፣ ጥፋቱን በአገር ፊት በጆሯቸው ላይ ጫንኩት።

«ወስጄ አስተካክለዋለሁ» አልኩ።

«ትነግራቸዋለህ ወይ?»

«አስተካክዬ አመጣዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

«እኔ የጠየቅኩህ እሱን አይደለም» ብላ ወደ ማሽላዋ ዞረች።

ከተቃጠለ የድምፅ ማጉያ ውስጥ ትልቅ ኮንደንሰር አወጣሁና በትንሹ ቦታ ተካሁት። ትራንስፎርመሩን ከሳጥኑ አስወጥቼ በረጅም ሽቦ አራቅኩት፤ ለመብራቱም ሌላ ማጣሪያ ጨመርኩ። ጉርምርምታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ከበስተኋላ እንደ ንብ ቀፎ ቀረ። ተውኩት። በዋዛው ሞከርኩት፤ ትልቁ ሲገባ የማዳመጫው ጎማ ጆሮዬ ላይ ተነፈሰ።

በዚህኛው ቀን ማንንም አልጠራሁም። ሳጥኑን ታቅፌ ሳልፍ ያዩኝ ግን ተከተሉኝ፤ ያስለመድኳቸው እኔው ነኝ።

እናቲቱ እንደ ፊተኛው ተቀመጡ። ብልቃጦቹ ቀሉ። ትንሹ ዋዛ፣ ሌላው፣ ቀጣዩ። ከዚያ ጉንጫቸው ተነፋ። ከልጃቸው ጋር እየነፉ ነበር። አንዴ ይነፉና ተራው እስኪመለስ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ፤ ደግሞ ይነፋሉ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የቆርቆሮው ጠቅታና የእሳቸው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ካሴቱ ሲያልቅ ማዳመጫውን አነሱ። ከበው የቆሙትን አላዩም፤ እኔን አዩኝ። ረዘም አድርገው አዩኝ።

«ያ ወለዲ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። «ጆሮዬ ተሻለ።»

«እንዴ!» አለ አንድ ጎረቤት። «ሰውዬው ሬዲዮ ሲጠግን ኖሮ ዛሬ ጆሮ ጠገነ! ሐኪም ነው እንጂ!» ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንዱ ትከሻዬን መታኝ። «እኔንም እየኝ፣ ሐኪም፤ ሚስቴ ስትጠራኝ አይሰማኝም!»

አፌን ከፈትኩ። ጆሯቸውማ ያን ዕለትም ወፍራሙን ይሰማ ነበር ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ያን ሁሉ ዘመን ቃል ያላጣሁ ሰው ያችን ትንሽ ዓረፍተ ነገር አጣኋት። እናቲቱ ፊቴን አዩና፣ ስብራትን በጨርቅ እንደሚሸፍን ሰው፣ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙልኝ።

ምራቲቱ ብርጭቆ ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። እናገር እንደሆነ ፊቴን አየችኝ። ሳቁ በረደ፣ ሰዉ መውጣት ጀመረ፣ እኔም ጎንበስ ብዬ ማጉያውን አጠፋሁ።

«ሻይህን ጠጣ፣ ሐኪም» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኡስታዝ ብላኝ አታውቅም። ኡስታዝ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።