ቀኝ ጉልበቴና አሥሩ ኪሎ ሜትር

ሀርጌሳ ውስጥ ኢትዮጵያዊት ሆኖ ቀርፋፋ ሯጭ መሆን እንደ ነውር ይቆጠራል። ስሮጥ ያየኝ ሁሉ፣ የእኛም ሰው የእነሱም ሰው፣ የሩጫ ጫማ አድርጌ የተወለድኩ ይመስለዋል። እኔ ግን እዚህ አገር እስክገባ ድረስ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ካልሆነ በቀር ሮጬ አላውቅም። የጀመርኩት በንዴት ነው። ሰው ሲናደድ ያለቅሳል፣ ይሳደባል፣ ዕቃ ይሰብራል። እኔ የምኖረው ሰው ቤት ስለሆነ ከሦስቱ አንዱም አይፈቀድልኝም። ስለዚህ ሮጥኩ።

የምሠራው አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ነው። አጥባለሁ፣ አበስላለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ፣ የማዳምን አማት እጠብቃለሁ። ማዳም ቀኑን መሥሪያ ቤት ትውላለች፤ ባሏ ሥራው በርበራ ስለሆነ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። አሮጊቷን ልጆቹ «አዬዮ» ይሏታል፣ አያቴ እንደማለት ነው። እኔም እንደዚያው እላታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በአማርኛ ሳናግራት አንቱ እያልኩ ነበር። እሷ ግን በስደት ዘመኗ ጅጅጋ አካባቢ የለቀመቻትን አማርኛ አውጥታ «አንቺ ሀበሺ፣ ሻዩ ቀዝቅዟል» እያለች ስትጮህብኝ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ አንቱታውን ተውኩት። በቤቱ ውስጥ እንደ እሷ የምጠላው ሰው አልነበረም። ማዳምን ከመጥላት ይልቅ እፈራት ነበር።

መጀመሪያ መንገድ ላይ ሞክሬ ነበር። ረጅም ቀሚስ፣ ከሥሩ ሱሪ፣ ሻሼን አጥብቄ አስሬ ገና ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ሦስት ቀን ቆየሁ። አንደኛው ቀን ድንጋይ፣ ሁለተኛው ቀን ስድብ፣ ሦስተኛው ቀን አንድ የባጃጅ ሾፌር ጎን ለጎን እየነዳ እስከ ገበያው ድረስ እየሳቀ ሸኘኝ። አራተኛው ቀን ግቢ ውስጥ ገባሁ።

ግቢው አጥሩ ረጅም ነው፤ ከአጥሩና ከቤቱ መካከል ሁለት ሰው የሚያሳልፍ መተላለፊያ አለ። ሦስቱ ጎን ሲሚንቶ፣ አራተኛው፣ ልብስ የሚሰጣበት፣ አፈር ነው። አንዱ ዙር መቶ ሃያ እርምጃ ይወስዳል። ከጎህ ጸሎት በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀርብ፣ አርባ ዙር እሮጥ ነበር። አዬዮ በረንዳ ላይ ሙስበሓዋን፣ የጸሎት መቁጠሪያዋን፣ እየቆጠረች ባለፍኩ ቁጥር አንድ ነገር ትወረውርብኛለች። «ማን አባረረሽ?» «አቧራሽ ሻዬ ውስጥ ገባ!» «ያ አላህ፣ ይቺን ሰውዬ ምን ነካት?» ሴት ሆኜ ሰውዬ የምትለኝ አማርኛው ጠፍቷት ይሁን ሆን ብላ ይሁን አልጠየቅኳትም። እኔም በልቤ የማልመልስላት ስድብ አልነበረም።

ያን ዓመት የሴቶች አሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ እንዳለ ሰማሁና ተመዘገብኩ። ዕለቱ አርብ ነበር፣ አርብ ደግሞ የዕረፍት ቀኔ ነው፤ ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለገኝም። ዳሚ ሰፈር ያሉት የአገሬ ልጆች ሲሰሙ አበዱ። ልሰን የሚሠሩት፣ ብሎኬት የሚያመርቱት፣ እንደኔ ሰው ቤት የሚሠሩት ሁሉ «እንግዲህ አንደኝነት የኛ ነው» አሉ። አይደለም ብል ማን ሰምቶኝ። ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የቀኝ ጉልበቴ ውጭ በኩል እንደ ቢላ ወጋኝ። ተራመድኩ፣ ቆምኩ፣ እንደገና ሞከርኩ፣ አስፋልት ላይ ተቀመጥኩ። አዘጋጆቹ በባጃጅ ጭነው መጨረሻው መስመር ድረስ ወሰዱኝ። ዳሚ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «ሀገራችንን በባጃጅ አስጠራሻት» አለኝ አንዱ፤ ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ። ከእነሱ ሳቅ የአዬዮ ስድብ ይሻል ነበር። የዚያን ዕለት ለራሴ ማልኩ፤ በሚመጣው ዓመት ያን አሥር ኪሎ ሜትር ሳልቆም፣ አንድም እርምጃ ሳልራመድ እጨርሰዋለሁ። አንደኛ ልውጣ መቶኛ ልውጣ ግድ አልነበረኝም።

ከሳቁት አንዱ፣ ልሰን ሠሪው፣ ወጌሻም ነኝ ይላል። «ጉልበትሽ ወልቋል፣ እኔ ልመልስልሽ» አለኝ። ሰው ሲያመው ጅል ይሆናል። የሰሊጥ ዘይት አሙቆ ቀባኝና ሁለት አውራ ጣቱን ጉልበቴ ላይ ተክሎ፣ ሰው ሳይሆን ግድግዳ የሚያስተካክል ይመስል፣ ተጫነኝ። ጮህኩ። «ገባ!» አለ። ምን እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በማግስቱ ጉልበቴ አብጦ መታጠፍ እምቢ አለ። ወለል የምወለውለው ተንበርክኬ ነው፤ ሁለት ሳምንት ቀኝ እግሬን ዘርግቼ በግራዬ ብቻ ስንበረከክ ከረምኩ። ማዳም አየችኝና «ምን ሆነሽ ነው?» አለች። ወደቅሁ አልኳት። «ካልቻልሽ በጊዜ ንገሪኝ፣ ሌላ ሰው ልፈልግ» አለችና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ፊት አላነከስኩም። ዓይኔ እንባ እያቀረረም ቢሆን ቀጥ ብዬ ነው የምራመደው።

እብጠቱ ሲጎድል እንደገና ጀመርኩ። ሃያ ዙር፣ ሠላሳ ዙር፣ ከዚያ ያው ቦታ፣ ያው ውጋት። አረፍኩ። ጀመርኩ። ያው። ጨርቅ ጠምጥሜ ሞከርኩ፣ ሶስት ዙር ተጨማሪ አስሮጠኝና ያው። እግሬን ጠላሁት። የሰው እግር የተሰጠኝ ይመስለኝ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ማለዳ፣ ልብስ ማስጫው ጋ ግድግዳ ይዤ ቆሜ በአማርኛ ድምፄን ከፍ አድርጌ ራሴን ስሳደብ፣ አዬዮ ከበረንዳዋ «ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ነው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ዙርሽ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ። ዓመት ሙሉ። ወላሂ እኔ ዞረብኝ። ጫማሽን እዪው።»

አላየሁትም። ለምን ወደ ቀኝ እንደምዞር ግን ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስንዞር ሁልጊዜ በቀኝ እንድጀምር ነው ያስለመደችኝ፤ በግራ ከጀመርኩ ክንዴን ይዛ ትመልሰኝ ነበር። ግድግዳ ያለው ነገር መዞር ስጀምር እግሬ ራሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የማዳም ቪላ ቤተ መቅደስ አለመሆኑን የነገረው የለም። በየዙሩ አራት ማዕዘን አለ፤ አርባ ዙር መቶ ስልሳ ጊዜ ወደዚያው ጎን መታጠፍ ነው፣ በየቀኑ። ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን ገለበጥኩት። የቀኙ ውጭኛ ጠርዝ አልቆ ጨርቁ ታይቷል፣ የግራው ገና አዲስ ነበር።

እሷ ስለነገረችኝ ብቻ ሁለት ሳምንት ሙሉ እምቢ አልኩ። እንዲህ ያለች ሞኝ ነኝ። ጉልበቴ አስገደደኝና አንድ ቀን በግራ ዞርኩ። የመጀመሪያውን ዙር ስጀምር የእናቴን እጅ ክንዴ ላይ ጠበቅሁት። አዬዮ ሙስበሓዋን መቁጠር አቆመች። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በቀኝ አንድ ቀን በግራ ሆነ። ጉልበቴ በወር ውስጥ ዝም አለ። አመሰግንሻለሁ አላልኳትም፤ እሷም አቧራውን መሳደቧን አልተወችም።

የሩጫው ጊዜ ሲደርስ ተመዝግቤ የሩጫ ቁጥሬን ፍራሽ ሥር ደበቅሁ። ረቡዕ ማታ ማዳም ሰማያዊ ቲሸርት ይዛ ገባች። መሥሪያ ቤቷ ለሴት ሠራተኞቹ ሁሉ አሠርቷል። እራት ላይ ለልጆቿ «አርብ እናታችሁ አሥር ኪሎ ሜትር ትሮጣለች» አለች፤ ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ፣ ወጡ ላይ ጨው ይጨመር የምትል ያህል ቀለል አድርጋ፣ «አርብ አትወጪም፣ አማቴን ትጠብቂያለሽ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ወጥ ቤት ገብቼ ንጹሑን ድስት ፈገፈግኩት። እንዲህ የተናደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። የሷ እግር ከመኪና ወርዶ ወንበር ሥር የሚገባ እግር ነው፤ የኔ ዓመት ሙሉ በአጥር ውስጥ ተሽከርክሯል።

አርብ ማለዳ ማዳም ልጆቿን ይዛ ወጣች። የአዬዮን ቁርስ አቀረብኩ፤ አላየችውም።

«ለምን አልሄድሽም?»

«አንቺን ማን ይጠብቃል?»

«እኔ ግመል ናት ወይ የምጠበቅ? ዘበኛው በር ላይ አለ። ቁጥርሽን አይቻለሁ፣ ፍራሽሽን ሳገላብጥ።» ፍራሼን ለምን እንዳገላበጠች ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አወራጨች። «ሂጂ! ሂጂና ቅደሚያት። ሰው ሁሉ እያየ ቅደሚያት። የልጄ ሚስት በዚህ ቤት ማንም እንዳይቀድማት ታስባለች።»

ለኔ ብላ እንዳልሆነ ገባኝ። ሁለቱ ለዓመታት ከአንድ ቴርሞስ ሻይ አልጠጡም። ቢሆንም ጫማዬን አጠለቅኩ።

በባጃጅ ደርሼ ስወርድ ሩጫው ተጀምሯል፤ መነሻው ላይ ገመድ የሚጠቀልሉ ሰዎች ብቻ ቀርተዋል። አንደኛው ሳቀና በእጁ መንገዱን አሳየኝ። ሮጥኩ። መጀመሪያ የሚራመዱትን፣ ቀጥሎ የሚያወሩትን፣ ቀጥሎ የሚያለከልኩትን አለፍኩ። ከግራና ከቀኝ «ሀበሺ! ሀበሺ!» ይላሉ፤ ይሳደቡ ይሁን ያበረታቱ አልለየሁም። ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጉልበቴን ጠበቅሁት። ምንም የለም። ሰባተኛው ላይም ምንም። ደስታ አልለውም፣ በቀል ይመስል ነበር፤ በወጌሻው ላይ፣ በዳሚ ሳቅ ላይ፣ በገዛ እግሬ ላይ።

ስምንተኛውን ካለፍኩ በኋላ ሰማያዊ ቲሸርቶች አየሁ። አራት ሴቶች፣ ሩጫው ደክሟቸው ይመስላል፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው መንገዱን ሞልተው ይራመዳሉ፤ መካከለኛዋ ማዳም ናት። በግራ በኩል ክፍት ቦታ ነበር። አምስት እርምጃ፣ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው፣ አልፌያቸው እሄዳለሁ። እግሬ ዝግጁ ነበር። እዚያው ላይ ግን የማድርበት ክፍል፣ ማዳም መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈው ወረቀቴ፣ ወር በወር ለቤተሰቤ የምልከው፣ ሁሉም አንድ ላይ ፊቴ ድቅን አለ። ሻሼን ወደ አፌ ጎተትኩና ፍጥነቴን ቀነስኩ። ቀነስኩ፣ ቀነስኩ፣ ከዚያ ተራመድኩ።

ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በኋላቸው ተራመድኩ። ያለፍኳቸው አንድ በአንድ አለፉኝ፤ የሚያለከልኩት፣ ቀጥሎ የሚያወሩት። ማዳም ፎቶ ለመነሳት ስትቆም እኔም ቆምኩ፣ ጫማ የማስር መስዬ አጎነበስኩ። ጉልበቴ አንድ ጊዜ እንኳ ቢወጋኝ ምነው ብዬ ተመኘሁ። አልወጋኝም። መስመሩን ከእነሱ ኋላ፣ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ፣ ዞር ብዬ ሳላይ ባጃጅ ያዝኩ።

አዬዮ በረንዳው ጫፍ ድረስ ወጥታ እየጠበቀችኝ ነበር። ሻዩ እንዳለ ቀዝቅዟል።

«ቀደምሻት?»

ልዋሻት ፈለግሁ። ማን ያጣራል? ግን እግሯ ሥር ተቀምጬ ጫማዬን ስፈታ ውሸቱ አልመጣልኝም።

«አልቀደምኳትም።»

«ጉልበትሽ ነው?»

«ጉልበቴ ደህና ነው።»

ስድቧን ጠበቅሁ፤ ይገባኛልም ብዬ ነበር። አፍሬያለሁ፤ ከመንገዱ ይልቅ እዚያ በረንዳ ላይ አፈርኩ።

«ፈራሻት» አለች።

«አዎ።»

«እኔም እፈራታለሁ» አለች አዬዮ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ በሩ እያየች። «ለዚህ ነው አንቺን የላክኩሽ።»

ብዙም ሳይቆይ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማና ዘበኛው በሩን ከፈተ። ማዳም ሜዳልያዋን አንገቷ ላይ እንዳደረገች፣ ልጆቿን አስከትላ፣ እየሳቀች ገባች። አዬዮም እኔም ተነስተን እንኳን ደስ አለሽ አልናት።