ሰባት ቀን ያለ ኪኒን

እስካሁን ጠዋት ጠዋት ልቤ ይደነግጣል። ባለቤቴ ኪኒኑን ይውጥበት የነበረው ሰዓት ነው።

መገጣጠሚያውን እያሳበጠ አልጋ ላይ የሚያውለው ሕመም ነበረበት። ደብረ ታቦር ያየው ሐኪም ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን አዘዘለት። በሳምንቱ ተነስቶ ቆመ፤ ወራት ሲያልፉ ፊቱ ድቡልቡል አለ። ገበያ ላይ ያገኙት ሁሉ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ምን እያበላችህ ነው? ጉንጭህ ሊፈነዳ ነው እኮ!" እያሉ ይስቁበት ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ሐኪሙ እብጠቱ ከመድኃኒቱ መሆኑን ነግሮናል። ወደ እኔም ዞሮ፣ "አደራ፣ በድንገት እንዳያቋርጡ። ሰውነታቸው ይህን ተደግፎ ነው የቆመው። የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ እኛ ስንነግራችሁ ብቻ ነው። አለዚያ ሊሞቱ ይችላሉ" ብሎኛል።

ባለቤቴ ታሞ ሳለ ከጉና ግርጌ ባለ ጠበል ሰባት ቀን ሊጠመቅ ተስሎ ነበርና ሄድን። በመጀመሪያው ጠዋት ኪኒኑን ሳቀርብለት እጄን ገፋው።

"ጠበልና መድኃኒት አይደባለቅም።"

"ማን ነገረህ?"

"ማንም የሚያውቀው ነው። ይልቅ እምነትሽን አታጉድይብኝ።"

ኪኒኑን መልሼ ቋጠርሁት። በሁለተኛው ቀን ጉልበቱ ከዳው። በሦስተኛው ያስመልሰው ጀመር፤ በዚያ ብርድ ላብ በላብ ሆነ። ኪኒኑን አድቅቄ በበሶው ልለውስለት አሰብሁ። ተደብቄ ስእለቱን ባፈርስበት ግን ቢድንም ይቅር የሚለኝ አልመሰለኝም። አጥማቂውን ቄስ መጠየቅም ፈራሁ። መድኃኒት ይዛችሁ መጣችሁ ብለው ቢያስወጡንስ?

በአራተኛው ጠዋት ስጠራው ዓይኑን ገለጠ እንጂ አልመለሰልኝም። ያኔ ሮጥሁ።

"አባቴ፣ በየቀኑ የሚውጠው ኪኒን ነበረው። ጠበል ላይ ነኝ ብሎ ተወው።"

"ማን ከልክሎት?" አሉ ቄሱ።

"አይከለከልም እንዴ?"

"ልጄ፣ መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው። እዚህ ስንቱ ኪኒኑን በጠበሉ እየዋጠ ይጠመቃል! ምነው ቀድመሽ ብትጠይቂኝ?"

ሮጬ ተመልሼ ልሰጠው ብሞክር መዋጥ አቃተው። ሰዎች ቃሬዛ አበጁ። ትከሻ እየተቀያየሩ ቁልቁል ሲወርዱ፣ እኔ በጎን እየሮጥሁ አፍንጫው ሥር እጄን አኖራለሁ። መኪና መንገዱ ዘንድ ስንደርስ ይተንፍስ አይተንፍስ መለየት አቃተኝ። የሚኒባሱ ሾፌር ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ፣ ወደ ሆስፒታል ነው ወደ ቤት?"

"ሆስፒታል" አልሁት። ሌላኛውን ቃል ፈራሁት።