አልጋ አትበሉ፣ ቁርበት በሉ

ከአገር የወጣሁበት ምሽት ዘፈኔ መድረክ ላይ ነበር። ጎንደር ነው፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ የቴአትሩ ሁለተኛ ክፍል ተጀምሯል። እናት ሆና የምትጫወተው ተዋናይት በር ላይ ቆማ ልጇን እየጠበቀች የምትዘፍነው የኔን ግጥም በኔ ዜማ ነው። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ በከንፈሬ አብሬያት እዘፍናለሁ። መጋረጃ ሳቢያችን ጋሽ ወርቁ ገመዱን እንደያዘ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ «ቴአትሩ ሲያልቅ ይፈልጉሃል» አለኝ። «እነማን?» አላልኩትም። በዚያ ዘመን «እነማን?» ብሎ የሚጠይቅ ሕፃን ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴአትሩ ከመከፈቱ በፊት ግጥም የሚመረምረው ካድሬ ቢሮው አስጠርቶኝ ነበር።

«የዚህች እናት ልጅ የት ሄዶ ነው?»

«ቴአትሩ ላይ አልተገለጸም ጓድ።»

«ዘምቶ ከሆነ ለምን ታለቅሳለች? ልትኮራ ይገባል። ኮብልሎ ከሆነ ደግሞ ለምን ትጠብቀዋለች? ልታጋልጠው ይገባል።»

«እናት እኮ ናት ጓድ።»

«እናትም ትደራጃለች!»

አስተካክለው አለኝ፤ አስተካከልኩት። ተዋናይቷ ግን የድሮው ምላሷ ላይ ቀርቶ ኖሮ በመክፈቻው ዕለት እሱኑ ዘፈነችው፤ ካድሬውም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ዘፈኑ ሦስት አዝማች አለው። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ በጓሮ በር ወጣሁ። ጭብጨባውን የሰማሁት መንገድ ላይ ሆኜ ነው፤ እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ የደመቀ ጭብጨባ አግኝቼ አላውቅም።

ስሜን አልጽፍም። ገዳሪፍ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ የማታውቁኝም ዘፈኖቼን ታውቋቸዋላችሁ። ለመድረክ ስገጥም ነው የኖርኩት። አንድ ጊዜም አዲስ አበባ ድረስ ተጠርቼ ለፊልም ገጥሜያለሁ፤ የተሸለምኩትም በእሱ ነው። ዳኛው ሜዳሊያውን ደረቴ ላይ ሲያደርግልኝ «ይህን ዘፈን የሰማ ሁሉ ለኔ ነው የተገጠመው ይላል» ብሎ አሞገሰኝ። ሜዳሊያውን ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። መንደሯን አልጠራውም፤ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን በዚያ አገር ሙሾ አውራጅ ሲባል እሷ ናት። ሰው ሲሞት ከሩቅ በበቅሎ መጥተው ይወስዷታል። መግጠም ከእሷ ነው የወረስኩት።

«ለማን ነው የገጠምከው?» አለችኝ ሜዳሊያውን እያገላበጠች።

«ለሁሉም ሰው።»

«ለሁሉም የተለቀሰ ለማንም አልተለቀሰም» አለች። «የሟቹን አካሄድ፣ የሟቹን ጠባይ ካላነሣህ ማን ያለቅሳል?»

ሳቅኩባት። የገበሬ ሴት ስለ ፊልም ምን ታውቃለች ብዬ ነው።

ስኮበልል በእናቴ መንደር አጠገብ አለፍኩ። ከፊት ከፊቴ የሚሄደው መንገድ የሚያውቅ ሰውዬ «ግባና ተሰናበታት» ቢለኝ እንቢ አልኩ፤ መጀመሪያ የሚፈልጉኝ እዚያ ነው። ውሻችን ጮኸ። አወቀኝ መሰለኝ። ዝም ብዬ አለፍኩ።

ድንበሩን ተሻግረን ዶካ እንደደረስን ወባ ጣለኝ። አብሮኝ የነበረው ሰውዬ በጭነት መኪና ላይ ሲጭኑኝ አይቶ፣ አበቃለት ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔ ደግሞ ገዳሪፍ ሆስፒታል ነቃሁ። ነፍስ ዘርቼ በእግሬ ስሄድ ወደ ስደተኛ መመዝገቢያ ወሰዱኝ። መዝጋቢው ጀላቢያ ቀሚሱ እንደ በረዶ የነጣ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሱዳኖች ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ ስለ ጤናህ፣ ስለ ቤተሰብህ፣ ስለ ከብትህ ጠይቀውህ ሲጨርሱ የመጣህበትን ትረሳዋለህ። ደግ ናቸው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እግዜርም አይወድልኝ።

«ሹግላክ ሽኑ?» አለኝ፤ ሥራህ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«የዘፈን ደራሲ ነኝ» አልኩት በአስተርጓሚው በኩል። «ለቴአትርና ለፊልም።»

«እስቲ ዝፈን።»

«እኔ አልዘፍንም፤ እገጥማለሁ። የሚዘፍኑት ሌሎች ናቸው።»

«ሌሎች ዘፍነው ሽልማቱን አንተ ወሰድክ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይህ ሚኒስትር ነበር እንጂ የምን ዘፋኝ ነው!» ብሎ ከአስተርጓሚው ጋር ተሳሳቁ። ወረቀቱ ላይ ግን «ዓሚል» ብሎ ጻፈ፤ የቀን ሠራተኛ ማለት ነው። በእውነቱ አልተሳሳተም።

እንዲህ ሆኜ ገዳሪፍ ገባሁ። ጎንደር ሳለን ብርዱን ስናማርር የኖርነውን እግዜር ሰምቶናል። እዚህ ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ቀኑ ይጨልማል፤ ጥርስህ መሃል አሸዋ ታኝካለህ። ኪስራ የሚሉት ምግባቸው እንጀራ መሆን ጀምሮ ሐሳቡን የቀየረ ይመስላል፤ ስስ ነው፣ ዓይን የለውም፣ ወይካ የተባለውን የደረቀ ባሚያ ወጥ ተሸክሞ እጅህ ላይ ያልቃል። ለምጀዋለሁ። መልመዴ ነው የሚያናድደኝ።

መኸር ሲደርስ ከዶካ ወዲያ ወዳለው ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ለአጨዳ ወጣሁ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የእኛ አገር ሰዎች ድንበሩን በጫካ ጥሰው ለአጨዳ ይመጣሉ፤ ሲጨርሱ ይመለሳሉ። ከነሱ መሃል አለነ የሚባል ድምፀ መልካም ጎልማሳ ከጎኔ ያጭድ ነበር። አንድ ጠዋት ጎንበስ እንዳለ እንዲህ ብሎ አንጎራጎረ፤

ሱዳን በረሃ ነው፣ ውሃ የለው አሉኝ፤
እንባዬን ልላከው፣ መንገዱን ንገሩኝ።

እጄ ቆመ። በሙያዬ ብዙ ግጥም አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን እኔም ገጥሜ አላውቅም። ቀጠለ፤

ላገሩ ሲገጥም፣ የኖረው የኔ ልጅ፤
ለራሱ ሲሆንማ፣ አልቃሽ አጣ እንጅ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ከአገራችን ነዋ። አንዲት እናት ልጅሽን ሱዳን ወባ ገደለው ተብላ መርዶ ሲነግሯት ያወረደችው ነው። ኧረ ምን ብዬ ልንገርህ ጋሼ፣ ድንጋይ ታስለቅሳለች!»

«ልጇ ምን ነበር ሥራው?»

«ዘፈን ነው መሰል የሚጽፍ። የከተማ ሰው ነው፣ እኔ እንጃ።» ማጭዱን በድንጋይ ሳል ሳል አደረገና «መሞቱ እንኳ ለሷ ሳይሻላት አልቀረም» አለ።

«ምነው?»

«ኮብልሎ ነበራ! ቀበሌዎቹ በየሳምንቱ እየጠሩ ልጅሽን አምጪ እያሉ ፍዳዋን አሳዩዋት። አንድ ሰሞንም አስረዋት ነበር። ሞተ ሲባል ጊዜ ተዋት። የሊቀ መንበሩ ሚስት ሳትቀር ለቅሶ ደርሳለች።»

አለሁ ብዬ ልጮህ አፌ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። እኔ ሞቻለሁ ከተባለ እናቴ በሰላም ታድራለች፤ ልቧ ግን ይሞታል። አለሁ ብዬ ካስወራሁ ልቧ ይድናል፤ እሷ ግን ትታሰራለች። ለአለነ ብነግረው አለነ ለሚስቱ ይነግራል፣ ሚስቱ ወንዝ ወርዳ ትነግራለች። ደብዳቤ የማይታሰብ ነው፤ መተማ ላይ ይፈትሻሉ። ዘፈንን ግን የሚፈትሽ የለም። በዚያ ሁሉ መንደር ውስጥ እናቴ ብቻ የምታውቀው ምልክት ያለበት ዘፈን መግጠም ነበረብኝ።

ምልክቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ልጅ ሆኜ ሽንብራ ልጠብስ ፍም ሳወጣ ፍሙ ወድቆ የምተኛበትን ቁርበት አቃጠልኩት። አባቴ ቢያይ ይገርፈኝ ነበር። እናቴ የተቃጠለውን ጥግ ወደ ግድግዳው አዙራ ሸሸገችልኝ፤ አባቴ እስኪሞት አላወቀም። ከሷና ከኔ በቀር ይህን ነገር የሚያውቅ የለም።

በዕረፍታችን ቀን ገዳሪፍ ወዳለችው ክፍሌ ተመልሼ ጣቴን እያጠፍኩ የስንኙን ቀለም እየቆጠርኩ ሳጉተመትም፣ አከራዬ ዓም ኢድሪስ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ያ ሐበሺ፣ ትጸልያለህ?» አለኝ፤ አንተ ሐበሻ ማለቱ ነው።

«የለም፣ ዘፈን እየገጠምኩ ነው።»

«ለማን?»

«ለእናቴ።»

«እናትህ ትዘፍናለች?»

«ታለቅሳለች እንጂ አትዘፍንም።»

ጥቂት አሰበና «ማሌሽ» አለኝ፤ አይዞህ እንደማለት ነው። ከዚያ ሻይ አመጣልኝ። በዚህ ከተማ ስለ ሥራዬ ከጠየቁኝ ሁሉ የገባው እሱ ብቻ ይመስለኛል። የገጠምኩት ይህ ነው፤

የተቃጠለውን፣ ያን ቁርበት አታንሺው፤
ተመልሶ መጥቶ፣ ይተኛል ያጣሽው።

እርሻው ላይ እንደ ቀልድ አዜምኩላቸው። አለነ ወዲያው ያዘው፤ ከሱ ሌሎቹ ያዙት፤ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ሱዳናዊው ወኪል፣ አሠሪያችን፣ ትርጉሙን ሳያውቅ ያፏጨው ጀመር። አጨዳው ሲያልቅ ጭነት መኪናው ላይ ወጥተው እየዘፈኑ ሄዱ። እኔ አቧራው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

በዓመቱ ውስጥ ዘፈኑ ከኔ ቀድሞ በየቦታው ደረሰ። ፋው ወደሚባለው ቦታ ለጥጥ ለቀማ ብሄድ ይዘፈናል። ዶካ መኪና መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምታፈላ የሑመራ ልጅ በትግርኛ ቅላጼ ትለዋለች። ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ግን፣

የተነጠፈውን፣ ያን አልጋ አታንሺው፤
ተመልሶ መጥቶ፣ ይተኛል ያጣሽው።

ትላለች። የፍቅር ዘፈን ሆኖላታል። እርማት ልሰጣት ፈለግኩና ተውኩት፤ እሷ ጋ ሲደርስ ተበላሽቶ ይሆናል፣ አገር የገባው ትክክለኛው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሌሎቹም ግን አልጋ ነው የሚሉት።

አለነ በቀጣዩ መኸር መጣ። ሰላምታውን በወጉ ሳልጨርስ ጠየቅኩት።

«ያቺ ሙሾ አውራጅ እናትስ? አለች?»

«አለች! ያውም ክረምቱን ዝናብ ይዞኝ ቤቷ አድሬያለሁ። ጎመኗን በልቼ፣ አይክፋት ብዬ ያንተን ዘፈን ዘፈንኩላት።»

«ምን አለች?»

«"ሸጋ ነው" አለች። "የገጠመው ልጅ እናት አለችው?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። "ካለችው ታድላ፤ ልጇ በቁሙ ሚስቱን ይናፍቃል" አለች።»

«ምን ብለህ ነው የዘፈንክላት? እስቲ በለው።»

አለው። አልጋ።

«አለነ፣ እኔ ቁርበት አይደል እንዴ ያልኩት?»

ሳቁን ለቀቀው። «ጋሼ ሙት! ቁርበት በዘፈን ይገባል? ያውም የተቃጠለ! አንተ ደግሞ ዘፈን አታውቅም መሰል።»

እኔም ሳቅኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ጎንደር መድረክ ላይ ሳለሁ አንድ ጀማሪ ይህን ስንኝ ቢያመጣልኝ ቁርበቱን አውጥቼ አልጋ የማስገባው እኔው ራሴ ነበርኩ። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር መጣብኝና ጠየቅኩት፤

«ለመሆኑ ምን ላይ ነው ያስተኛችህ?»

«ቁርበት ላይ ነዋ። ጥጉን እሳት የበላው። "ይቅር በለኝ ልጄ፣ ልጥለው አልሆነልኝም" ብላ አነጠፈችልኝ።»

በዚያ ቁርበት ላይ ተቀምጦ ነው አልጋ ብሎ የዘፈነላት። እሷም ከፊቱ ተቀምጣ ነው ሸጋ ነው ያለችው። ሰሊጡ ውስጥ ቁጭ አልኩ፤ አለነ ወባዬ የተነሣ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

ከዚያ ለመንኩት። ምክንያቱን አልነገርኩትም፤ ብቻ ያን ቤት ስታልፍ አንድ ጊዜ በኔ አባባል ዝፈነው አልኩት። «እሺ ጋሼ፣ ምን ገዶኝ» አለ። ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ለዘመቻ ተወሰደ የሚሉ አሉ፤ በመንገድ የቀረ ነው የሚሉም አሉ። አምላክ ይጠብቀው።

እናቴ አርጅታለች። እኔም ቢሆን ጎልማሳ አይደለሁም፤ እንደገና ለመግጠም ብሞክር ከዚያ የተሻለ አልመጣልኝም። እዚህ ጽፌ ከእጅ ወደ እጅ የምሰጣችሁም ለዚሁ ነው። በመተማ በኩል ወደ አገር የምትመለሱ፣ ይህን ዘፈን የምትዘፍኑ ሁሉ፣ እባካችሁ። ስም አትጥሩ፣ ለማንም ምንም አትንገሩ፤ በየመንደሩ ስታልፉ ዝፈኑት ብቻ። እዚያች ቦታ ላይ ስትደርሱ ግን አልጋ አትበሉ፣ ቁርበት በሉ። የተቃጠለ በሉ። ዜማው ይሰበራል ብላችሁ አትስጉ። ቀለሙን ቆጥሬዋለሁ፤ ልክ ነው።