አራት መቶ አምሳ ሊትር

ስለ አውሮፕላን ሲወራ ሰው ሁሉ ካፒቴኑን ያነሳል፤ ቀጥሎ አስተናጋጇን፣ ብዙ አውቃለሁ የሚለው ደግሞ ሞተር የሚፈታውን ቴክኒሻን። ውሃ የሚሞላውን ያነሳ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሦስት መቶ ሰው ሰማይ ላይ ሆኖ እጁን ሲታጠብ ውሃው ከደመና የተቀዳ ይመስለዋል መሰለኝ። እኔን እንዲህ ያለው ነገር ያበሽቀኛል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሊትሮ እነግራችኋለሁ፤ ያልወደደ ጆሮውን ይያዝ።

ሊትሮ የእህቴ ባል ነው። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ሥራ ቦታ የሚያውቀው የሠራተኛ አስተዳደር ብቻ ነው። በአንድ የውሃ መኪና ላይ ሃያ ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እኔ መሪው ላይ፣ እሱ ቱቦው ላይ። ሊትሮ ያልነው ነገሩን ሁሉ በሊትር ስለሚለካ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ሌላው ጥላ ይፈልጋል፣ እሱ ግን ቆሞ “ይሄ በደቂቃ ስንት ይሆናል?” ይላል። በሠርጋቸው ቀን እህቴ ከቤት ስትወጣ እያለቀሰች፣ እኔም ሆዴ ባብቶ ቆሜ፣ ጠጋ ብሎ “አይዞህ፣ እንባዋ ሩብ ሊትር አይሞላም” ያለኝን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ሥራችን ይህ ነው። አውሮፕላኑ ቆሞ ሞተሩ ሲጠፋ መኪናዬን ወደ ኋላ እያስኬድኩ ከሆዱ ሥር አስገባለሁ። ሊትሮ ወርዶ ጓንቱን ያጠልቃል፤ ከአውሮፕላኑ ሆድ ላይ መዳፍ የምታክል መዝጊያ ይከፍታል፤ የተረፈውን ውሃ ያፈሳል፤ ከዚያ ቱቦውን አጋጥሞ አዲሱን ይሞላል። ደንቡ “እስኪፈስ” ነበር፤ በትርፍ መውጫው ካልተንጠባጠበ ሞላ አይባልም። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኛም ለሰው ጎደሎ መስጠት ነውር ነው ተብለን ያደግን ስለሆንን እስከ አፉ እንሞላው ነበር።

ሊትሮን ያንገበገበው ግን የሚፈሰው ነው። አንድ ትልቅ አውሮፕላን ዘጠኝ መቶ ሊትር ጭኖ ስምንት ሰዓት በርሮ ሲመጣ አምስት መቶ አምሳውን መልሶ ያመጣዋል። ያ ንጹሕ ውሃ በየቀኑ ወደ ፍሳሽ ይለቀቃል። እነሱ ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው። ሚስቱን ከተደረደረ ጀሪካን ጋር ትቶ የመጣ ሰው ግማሽ ሺህ ሊትር በእጁ ሲደፋ እንዴት አንጀቱ አይረር? ስለዚህ ይጽፍ ጀመር። ቀኑን፣ የተሳፋሪውን ብዛት፣ የተረፈውን ውሃ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጻፈ።

“ይሄን ለልጅ ልጆችህ ልታወርሰው ነው?” እለዋለሁ።

“ውሃ አፍ የለው፤ አንድ ሰው ይጻፍለት እንጂ” ይለኛል።

ከአራት ዓመት በፊት የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ኢንጂነሯ ከውጭ ስብሰባ ተመልሳ ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ጠራችን። ወጣት ናት፤ ስትናገር እጇ አያርፍም። አገሮች ተሰብስበው አውሮፕላኖቻቸው ወደ ሰማይ የሚለቁትን ካርቦን ሊቆጥሩና ሊቀንሱ ተስማምተዋል አለችን። ከእንግዲህ እያንዳንዱ በረራ ያቃጠለው ነዳጅ ተመዝግቦ፣ በገለልተኛ መርማሪ ተጣርቶ ይላካል። ከአንድ ኪሎ ነዳጅ ከሦስት ኪሎ በላይ ጋዝ ይወጣል ስትል አዳራሹ ተንጫጫ። ከአንድ ሦስት እንዴት ይወጣል? ሲቃጠል ከአየሩ ጋር ስለሚዋሃድ ነው ብላ አስረዳች። ከዚያ ሐሳብ ያለው ይናገር አለች።

ትልልቆቹ ተናገሩ። አንዱ አዲስ አውሮፕላን ይገዛ አለ። ሌላው ከተክልና ካገለገለ ዘይት የሚሠራ ነዳጅ ይምጣ አለ። አጠገቤ የተቀመጠው የኛ አለቃ “ላም አለኝ በሰማይ” ብሎ አጉረመረመ። ይሄኔ ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ሊትሮ ተነስቷል።

“እኔ ነዳጅ አላውቅም፤ ውሃ ነው የማውቀው” አለ። “አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። አንድ ትልቅ አውሮፕላን በየቀኑ አምስት መቶ አምሳ ኪሎ ማንም የማይነካው ውሃ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ተሸክሞ ይመጣል። ተሳፋሪው የሚጨርሰው ሦስት መቶ አምሳ ነው። ለመጠባበቂያ መቶ ጨምረን አራት መቶ አምሳ እንሙላና ግማሹን ሸክም እናውርድለት።”

ኢንጂነሯ ስልኳን አውጥታ አሰላች። “በአንድ በረራ ከመቶ ኪሎ ያላነሰ ነዳጅ ነው እኮ! ጋሼ፣ ይሄን ከየት አመጡት?”

ደብተሩን ከፍ አድርጎ አሳያት። አለቃችን ግን ደስ አላለውም። “ባሕር ላይ ቢያልቅስ? ሽንት ቤቱ ውሃ አልባ ሲሆን ማን ሊጠየቅ ነው?” አለ።

“ካለቀ ጥፋቱ የኔ ነው” አለ ሊትሮ አፉን ሞልቶ። “የሥራ መታወቂያዬን በራሴ እጅ አስረክባለሁ።”

ያኔ ለጡረታው ሦስት ዓመት ቀርቶት ነበር። እህቴ ይህን ስትሰማ እኔን ነው የያዘችኝ። “ወንድሜ፣ ሰውየው አብዷል። ያለ ሥራ ቤት ቢቀመጥ በሐዘን ይሞትብኛል። አንተ አብረኸው አይደለህ? አንድ ነገር አድርግ!”

እኔም አደረግሁ። ሙከራው በአንድ መሥመር ላይ ተጀመረ፤ በየቀኑ ጠዋት የሚነሳው፣ ስምንት ሰዓት የሚበረው። ሊትሮ በመኪናው ቆጣሪ እያየ አራት መቶ አምሳ ሞልቶ ይዘጋና ቅጹን ለመስጠት ወደ ቢሮ ይሄዳል። እሱ ጀርባውን ሲያዞር እኔ ቱቦውን ከፍቼ ሁለት መቶ እጨምራለሁ። ከዚያ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መልሼ ምንም እንዳላየ ሰው መሪዬን እይዛለሁ። እውነቴን ነው፣ ትልቅ ሰው ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

ሲያርፉ አስተናጋጆቹ መለኪያውን አንብበው ይልኩልናል። በአሥራ ሁለተኛው በረራ ማግስት ኢንጂነሯ እየሮጠች ወደ መኪናችን መጣች።

“ጋሼ! የሚተርፈው ሦስት መቶ ሊትር ነው! ሰው የሚጠቀመው መቶ አምሳ ብቻ ነው ማለት እኮ ነው። ከሰኞ ጀምሮ በሁሉም መሥመር፣ በሁሉም መኪና፣ ሁለት መቶ አምሳ እንሙላ!”

ሁለት መቶ አምሳ ብቻ ከተሞላ ውሃው መንገድ ላይ ያልቃል። በሌላው መኪና ላይ ደግሞ የሚጨምር ዘመድ የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ሊትሮ ደስ አላለውም። እሷ ስትሄድ መኪናው ውስጥ ገብቶ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘረጋ። “መቶ አምሳ?” አለ። “አሥራ አንድ ዓመት ሦስት መቶ አምሳ ሲጨርስ የኖረ ተሳፋሪ በሁለት ሳምንት ፊቱን መታጠብ ተወ?” ደምሮ ቀነሰ፤ ቀንሶ ደመረ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ የጎን መስታወቱን አየሁ።

“ስንት ጨመርክ?”

“ሁለት መቶ።”

“በየቀኑ?”

“በየቀኑ። እህቴ ናት እኮ...”

“ሚስቴን አትጥራት።” ደብተሩን ዘጋው። “ባንተ ቤት አዳንከኝ።”

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ተዋርጄ አላውቅም። በሩን ከፍቶ ወረደና “ና ውረድ” አለኝ። ተከተልኩት።

ኢንጂነሯ ቢሮ ስንገባ አለቃችንም እዚያው ነበር። ሊትሮ ሳይቀመጥ ተናገረ። “አሥራ ሁለቱም በረራ ተበላሽቷል። ከመኪናችን ከተጻፈው በላይ ውሃ ገብቷል። ቁጥሩን ሰርዢው።” ማን እንዳደረገው አልተናገረም። እዚያ ጋ አንጀቴን በላው። “እኔ ነኝ” አልኩ። “እሱ አያውቅም። ፈርቼለት ነው።”

አለቃችን ሳቀ። “ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ! እኔስ ብዬ ነበር። በቃ፣ ሙከራው ይቁም።”

ኢንጂነሯ ግን እጆቿ ለመጀመሪያ ጊዜ አርፈው ሊትሮን ታየው ነበር። “ዝም ቢሉኝ ኖሮ ይህን ቁጥር ለመርማሪው እልከው ነበር” አለችው። ከዚያ ወደ አለቃችን ዞረች። “የራሱን የተበላሸ ቁጥር ይዞልኝ የመጣ ሰው፣ ነገ ደኅና ቁጥር ቢያመጣ አምነዋለሁ። አንድ በረራ እንሞክር። ግን መለኪያውን በየሰዓቱ የሚያነብ የራሳችን ሰው ይሳፈር።”

“እኔ” አለ ሊትሮ። ሃያ አራት ዓመት ከአውሮፕላን ሥር የኖረ ሰው አንድም ቀን ተሳፍሮ አያውቅም።

“ታዲያ ውሃውን ማን ሊሞላ ነው?” አለ አለቃችን።

ሊትሮ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። “እሱ።”

“ይሄ? ይሄ ሌባ?”

“እሱ ነው የሚሞላው” አለ ሊትሮ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬን ተቀበልኩ፤ ይገባኛል።

የጉዞ ወረቀቱ እስኪያልቅ ሳምንት ፈጀ። በበረራው ቀን ሊትሮ የሠርጉን ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ፤ ሆዱ ላይ አልቆለፍ ብሎታል። እኔን ሰላም ሳይለኝ አለፈና ደረጃውን ወጣ። መኪናዬን አስገብቼ ቱቦውን ሳጋጥም ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

“ወንድሜ፣ እሱ ራሱ ላዩ ላይ አለ። ትንሽ ብትጨምርለት ምን አለበት? ማን ያያል?”

እውነቷን ነው፤ የሚያይ አልነበረም። አለቃችን ቢሮው ነው፤ ሊትሮ ከብረቱ በላይ ወንበሩ ላይ ታስሯል። “እህቴ፣ ስልኩን ዝጊው” አልኳት። ቆጣሪው አራት መቶ ሠላሳ አለ። አራት መቶ አርባ። ጡረታው፣ ስሙ፣ የእህቴ እንባ ሁሉ በዚያች መዝጊያ ላይ ነበር፤ ውሃውም እኔ ካላቆምኩት አይቆምም። አራት መቶ አምሳ ሲል ዘጋሁት። እጄ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ቱቦውን ፈትቼ፣ መዝጊያውን ዘግቼ፣ ሌላ ሐሳብ ሳይመጣብኝ መኪናዬን አስነስቼ ራቅሁ።

ስምንት ሰዓት መጠበቅ ቀላል መስሏችኋል? ምሳዬን ሳልነካ ተውኩት። ሰዓቱ ሲሞላ አለቃችን መጥቶ የሚያርፍበት ከተማ ላይ ጭጋግ እንደወረደና አውሮፕላኑ ላይ ላይ እየዞረ እንደሚጠብቅ ነገረን። አርባ ደቂቃ ዞረ። እኔ በልቤ ሦስት መቶ ተሳፋሪ አንድ በአንድ ሽንት ቤት አስገባሁ፤ እያንዳንዱም እጁን በሳሙና ሁለቴ ታጠበ።

በመጨረሻ አለቃችን ወረቀት ይዞ ከቢሮው ወጣ። እኔ ፊት ቆመና መነጽሩን አስተካከለ። “ከታንከሩ አንድ ስምንተኛ ተርፏል” አለ። መቶ ሊትር አካባቢ ማለት ነው። ከአራት መቶ አምሳው ሦስት መቶ አምሳው አለቀ፤ ልክ ደብተሩ እንዳለው፣ ጭጋጉም ተጨምሮበት። አለቀስኩ። ሰው እያየኝ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። አለቃችንም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ “በል በል፣ ተሳፋሪ አይይህ” አለኝ።

ዛሬ ከዚህ አየር ማረፊያ የሚነሳ አውሮፕላን ሁሉ ውሃ የሚሞላለት በሰው ብዛትና በመንገዱ ርቀት ተሰልቶ ነው። በየዓመቱ በሚላከው ሪፖርት ላይ “የውሃ ጭነት” የምትል አንዲት መሥመር አለች፤ ከጎኗ በዓመት ያልተቃጠለው ነዳጅና ወደ ሰማይ ያልወጣው ጋዝ በቶን ተጽፏል። የሊትሮ ስም የለበትም። እኔ ግን መሥመሯን ፎቶ አንስቼ ስልኬ ውስጥ አኑሬያለሁ፤ ለጎረቤት፣ ለጸጉር አስተካካዬ፣ ላገኘሁት ሁሉ አሳያለሁ። ለዓለም ሰማይ ትንሽ ነገር ነው ይሉኛል። ታዲያ እናንተ ስንት አወረዳችሁለት? እላቸዋለሁ።

ወደዚያ በረራ ልመልሳችሁና፣ ሊትሮ በማግስቱ በዚያው አውሮፕላን ተመለሰ። መኪናዬን አስጠግቼ እየጠበቅሁ ነበር። መጀመሪያ የወረደችው አስተናጋጅ እየሳቀች ነገረችኝ፤ ሰውዬው ስምንት ሰዓት ሙሉ ከሽንት ቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ የገባውን ሁሉ ሲጽፍ ነበር አሉ። በቧንቧው መጫወት የወደደች አንዲት ሕፃን ሰባት ጊዜ ስትመላለስ እሱ ሰባት ጊዜ ከወንበሩ ብድግ ብሏል፤ ግን አንዴም አልተቆጣትም። እሱ ራሱ አንድ ብርጭቆ ውሃ እንኳ አልጠጣም።

ከዚያ እሱ ወረደ። ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

“ሰማዩ እንዴት ነው?” አልኩት።

“የሽንት ቤት በር ነው ያየሁት። የቱን ሰማይ ነው የምትጠይቀኝ?”

“እሺ፣ ሲዞር... ጭጋግ ውስጥ አርባ ደቂቃ ሲዞር፣ ያልቅብኛል ብለህ አልፈራህም?”

ኮቱን መኪናው ውስጥ ወረወረና ጓንቱን ከኪሱ አወጣ።

“ምን ያስፈራኛል?” አለኝ። “የሞላኸው አንተ አይደለህ?”