የወንድሜ ሚስት መዳፍ

ሜይፌር ሰፈር ካሉት የሶማሌ ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ሳልፍ የተበጠበጠ ሂና ከሸተተኝ፣ የወንድሜ ሚስት እጅ ይታየኛል። መዳፏ እንሶስላ የሞቀች ይመስል ቀይ ነበር። ምንም አልተቀባችም።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ ከሆሳዕና ወደዚህ ባዕድ አገር አምጥቶ ያሳደገኝ ወንድሜ ነው። አይቮሪ ፓርክ ሰፈር ካለው ሱቁ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠራው የእኔን ስም ነበር። እሷ ከመጣች ወዲህ ግን ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ እጇን ይይዛል።

«እዪው እስቲ ይሄን መዳፍ! እግዜር ራሱ ቀብቶ ነው የላከልኝ!» ይለኝ ነበር።

እኔ ዕቃ በማጠብ የሻከረ እጄን እደብቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ ስትተኛ፣ ቤት የምንቀረው ሁለታችን ነበርን። ያኔ ትታከክ ነበር፤ ክንዷን፣ ሆዷን፣ ባቷን። የጥፍሯ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንገቷ ሥር እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉ መስመሮች ያሏቸው ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ነበሩባት። አንድ ቀን ሻሿን ስታስተካክል እንዳየኋቸው ገባት።

«ለወንድምሽ እንዳትነግሪው፣ እህቴ። የአገሩ ውሃ ይሆናል፤ ይለቀኛል» አለችኝ።

አልነገርኩትም። አዝኜላት ግን አልነበረም። እውነቱን ልናገር፤ ቆዳዋ ቢበላሽና ውበቷ ቢቀንስ ብዬ ነው። እንዲህ እያለ ወራት አለፉ።

አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አባል የሆነች ሐኪም ሰላም ልትላት እጇን ጨበጠች፤ አልለቀቀችውም። መዳፏን ገልብጣ አየች፤ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙራ ዓይኗን አየች።

«ያሳክክሻል?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

የወንድሜ ሚስት ሻሿን ወደ አንገቷ ሳበች። ያን ጊዜ እንኳ ሰው ሁሉ እጇን መያዙ አናዶኝ ነበር።

የደም ምርመራው የጉበት ቫይረስ አገኘ። ምናልባት ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት የኖረ ነው አለች ሐኪሟ፤ የመዳፏ ቅላትም ጉበቷ ክፉኛ የመጎዳቱ ምልክት ነበር። ወንድሜና እኔ ተመርምረን ነፃ ስለነበርን ክትባት ተሰጠን። ለእሷ መድኃኒቱ ቫይረሱን ያዘላት፤ ጉበቷን ግን አልመለሰላትም።

መድኃኒቱን በጀመረች በሁለተኛው ዓመት ብርዱ ሲገባ፣ ሆዷ አብጦ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ተኛች። ወንድሜ አልጋዋ ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ ወደ እኔ ዞረ።

«አብራችሁ ስትውሉ ምንም አላየሽም?»

አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«ከእሷም ደብቄያለሁ፤ በምን ታውቃለች?» አለች።

በሳምንቱ አረፈች።

ወንድሜ እስከ ዛሬ ሌላ አላገባም። ሰው ስለ ሚስቱ ሲጠይቀው፣ «እህቴ አይታ ቢሆን ኖሮ ትነግረኝ ነበር» ይላል። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።