ምዕራብ ዓባያ ማሽላ ውስጥ የተገኘው የዛፉ መብረቅ ካሴት

ንጋት፣ አርባ ምንጭ

ሲቀላ መናኸሪያ ስደርስ ገና ጎህ እየቀደደ ነው። ቦርሳዬን የሞሉት ለልውውጥ የያዝኳቸው የዛፉ መብረቅ ትርፍ ሲዲዎች ናቸው። ዛፉን ለማታውቁት፦ ድሮ በአርባ ምንጭ ሆቴሎች መስኮት እስኪንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ ጊታር ይጫወት የነበረ፣ ሱሪው ከመጥበቡ የተነሳ መቀመጥ የማይችል ሮከር ነው። ከደሴ ለሥራ በመጣሁ ሰሞን በዘፈኖቹ ተለከፍኩና ቪዲዮዎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

እኛ ሰብሳቢዎች በቴሌግራም ግሩፓችን የምንጣላበት ጉዳይ አንድ ነው። በመጨረሻው ኮንሰርት ዛፉ ከስፒከር ላይ የወረደው ዘሎ ነው ወይስ ወድቆ? ከዚያ በኋላ የት እንደገባም አናውቅም። እኔ "ዘሎ" ባይ ነኝ፤ በዚህ የተነሳ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ሰላምታ አቋርጠናል። ኮንሰርቱን የቀረጹት ሰው ምዕራብ ዓባያ እንደሚኖሩ የሰማሁት በቅርቡ ነው።

በቀኝ የዓባያ ሐይቅ ቀላ ያለ ውሃ፣ በግራ ተራራ፣ ከፊታችን ሙዝ እስከ አናቱ የጫነ አይሱዙ። የሚኒባሱ ሾፌር በመስታወት ያየኛል።

"ለካሴት ብለሽ ነው የምትሄጂው? ዩቲዩብ የለሽም?"

"ዩቲዩብ ላይ የለም።"

"እንግዲያማ ጥሩ አይደለም ማለት ነው።"

ረፋድ፣ ምዕራብ ዓባያ

ኮንሰርቱን የቀረጹት ጋሽ ሻንካ ድሮ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነበሩ፤ አሁን ገበሬ ናቸው። "ካሴቱ አለ!" አሉና እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ማሽላው ደርሷል። በላዩ ላይ ከእንጨት ወደ እንጨት የተወጠረ፣ ከካሴት የተመዘዘ ጥቁር ክር በነፋስ ይንሿሿል፣ ያብረቀርቃል።

"ይኸው። ወፍ ዝር አይልም። በጣም ጥሩ ካሴት ነው።"

ክሩን በጣቴ ነካሁት። "መቼ ነው የዘረጋችሁት?"

"ትናንት።"

"ካሴቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ" አሉ ባለቤታቸው እትዬ ማርታ፣ ምንም ሳያፍሩ። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መሪ ናቸው። "ክሩን ከወሰድሽ ወፉን አንቺ ትጠብቂያለሽ?"

ያለኝ ሲዲ ብቻ ነው። ሽፋኑ ያልተከፈተውን ጭምር በእንባ እያወጣሁ በክሩ ምትክ ማሽላው መሃል ሰቀልኩ። ፀሐይ ሲያርፍባቸው አጥሩ ላይ ያደፈጠው የወፍ መንጋ በአንድ ላይ ብድግ ብሎ ወደ ጎረቤት ማሳ ሄደ። ጎረቤትየው ከአጥር ማዶ ተሳደበ። ጋሽ ሻንካ ግን ተደሰቱ። "ከካሴቱ ይበልጣል! ሌላ የለሽም?"

ክሩን ክንዴ ላይ እየጠመጠምኩ ስሰበስብ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየኝ ነበር።

ከሰዓት፣ እነ ጋሽ ሻንካ ሳሎን

እትዬ ማርታ ኩርኩፋ የሚባለውን የበቆሎ ዱቄት ድብልብል በሽፈራው ቅጠል አቀረቡ። እየበላን ክሩን በእስክሪብቶ ወደ ካሴቱ መለስን፤ የተበጠሰውን በፕላስተር ቀጠልን። ጋሽ ሻንካ አሮጌውን የቪዲዮ ዴክ በጥፊ ሲሉት ተነሳ።

መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ በረዶ ብቻ ወረደ። ከዚያ ዛፉ! ስፒከር ላይ ቆሞ፣ ፀጉሩን እየበተነ፣ ጊታሩን ያስለቅሰዋል። ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። ከመድረኩ ጥግ የመዘምራን ጋውን የለበሰች ወጣት ሴት በፍጥነት መጣች፤ ሱሪውን ጨምድዳ ሳበችው። መሬት ሲደርስ ጆሮውን ይዛ ወሰደችው። ጊታሩ ከኋላው እየተጎተተ መጮሁን አላቆመም።

ጋሽ ሻንካ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ እትዬ ማርታን አየሁ፤ ደግሞ ስክሪኑን፤ ደግሞ እሳቸውን።

"እርስዎ ነዎት?"

"ታናሽ ወንድሜ ነው" አሉ፣ ኩርኩፋ እየጨመሩልኝ። "የመዝሙር ልምምድ ረፍዶበት ነበር። ወፍራም ድምፅ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ምን ላድርግ?"

"አሁን የት ነው ያለው?"

"የት ይሄዳል? ከእኛ ጋር ይዘምራል። እሑድ ነይና ስሚው።" ትንሽ አሰቡና ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። "ካሜራ ግን እንዳታመጪ። ካየ ስፒከር ላይ ይወጣብኛል።"