የወይዘሮ ማልሱን የመብራት ምሰሶዎች

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ የነበሩት ኮሪያዊቷ ተዋናይት ወይዘሮ ማልሱን ማረፋቸውን ደረጃ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ስሰማም ሳቅሁ።

ነውሬን ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልናገር። ወይዘሮ ማልሱን በቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ሞተዋል። ድሮ የሠሩት ነገር በድጋሚ ሊታይ ሲል በሬን አንኳኩተው «ማክሰኞ እሞታለሁ፤ ብስኩት ይዘህ ና» ይሉኝ ነበር። እኔም እየሄድኩ አብሬያቸው ሞታቸውን አይ ነበር። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት ልጃቸው ሄጂን ከላይ ወርዳ በጀርመንኛ «እናቴ ሞተች» ስትለኝ፣ የቆሻሻ ከረጢቴን እንደያዝኩ ስቄ «በስንተኛው ክፍል?» አልኳት። ዓይኗን ሳይ ነው የገባኝ። ሰባ አራት ዓመት የተሸከምኩት ጭንቅላት ለዚያች ደቂቃ እንኳ አልጠቀመኝም።

እዚህ በሰፈራችን በጉትሎይትፊርቴል የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ሐምራዊ ጃንጥላ ይዘው ማይን ወንዝ ዳር ብቻቸውን የሚያወሩት አሮጊት ናቸው። ብቻቸውን አያወሩም ነበር። ሥራ ላይ ነበሩ።

ሥራቸውን በሃያ ዓመታቸው ሴኡል ውስጥ ሲጀምሩ የቤተ መንግሥት ገረድ ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ትሪ ይዘው ገቡ፣ ትሪ ይዘው ወጡ፤ አንድ ቃል አልተሰጣቸውም። ቀጥሎ አልቃሽ ምራት ሆኑ። ከዚያ ክፉ አማት ሆኑና አገሩ ሁሉ ጠላቸው፤ ገበያ ውስጥ አንዲት ጎመን ሻጭ «ምራትሽን ያደረግሻትን አይቻለሁ» ብላ አልሸጥም አለቻቸው። ከተቀበሉት ሽልማት ሁሉ ያንን ያልተሸጠላቸውን ጎመን ያስበልጡ ነበር።

«የተዋናይት ዕድሜ አራት ነው» ይሉ ነበር። «ትሪ ይዛ ትገባለች፣ ታለቅሳለች፣ ታስለቅሳለች፣ ትሞታለች።»

እኔ ኒደርራድ በሚባለው ሰፈር ቢሮ ለቢሮ ደብዳቤ ሳመላልስ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ከትሪው ሳልወጣ ቀረሁ። ይህን ብነግራቸው «ማንም ሳያይህ ቀጥ ብለህ መሄድ ከሁሉም ይከብዳል» አሉኝ። በእሳቸው ጀርመንኛ ሰው ሁሉ «ዱ» ስለሆነ አንተ ይሉኛል። እኔ ግን እትዬ ነው የምላቸው።

ከሁለት ዓመት በፊት በብርዱ ወራት ከሴኡል ስልክ ተደወለላቸው። የተሰጣቸው ሚና ልጇ ከብዙ ዓመት በኋላ በሯን የሚያንኳኳ እናት ነው። ሴትዮዋ በመጨረሻው ክፍል አትሞትም። «አምስተኛ ዕድሜ ተገኘ» አሉ። ነገር ግን ያኔ ቃላት መጥፋት ጀምረውባቸው ነበር፤ ሐኪሙም ከዚህ እንደሚብስ ነግሯቸዋል። ሄጂን ፈራች። «እማዬ፣ ካሜራው ፊት ቢጠፋብሽስ? ስንት ዓመት ሠርተሽ በዚያ ልትታወሺ ነው?» አለች።

እሳቸው ስክሪፕቱን ይዘው ወደ እኔ ወረዱ። «ልጄ እንድትሆን ነው የመጣሁት» አሉኝ።

«ጡረታ የወጣ ልጅ ምን ያደርግልዎታል?»

«ሥራ ፈት ልጅ ነው የሚያስፈልገኝ።»

ወንዝ ዳር፣ ከቬስትሃፈን ወደብ እስከ ድልድዩ ባሉት የመብራት ምሰሶዎች ሥር ማጥናት ጀመርን። ለአንድ ምሰሶ አንድ ንግግር ነው። ቃሉ ሲጠፋቸው አይበሳጩም፤ ወዳለፉት ምሰሶ ተመልሰው ተረከዛቸውን መሬት ላይ ጫን ያደርጉና እንደገና ይነሣሉ። «ጭንቅላት ይረሳል፤ እግር ግን መንገዱን ያውቃል» ይሉኝ ነበር። የልጁን ንግግር ሄጂን እየፈራችም ቢሆን በጀርመንኛ ጽፋልኛለች፤ እኔ በአማርኛ እላለሁ፣ እሳቸው በኮሪያኛ ይመልሳሉ። ቋንቋዬን ባያውቁም ስለግም ያውቁ ነበር። «ዛሬ አፍህ ብቻ ነው የመጣው» ይሉኛል።

አንድ ቀን ምርር ብለው ሲያለቅሱ ውሻ ይዛ የምትንሸራሸር ሴት ቆማ «ይህ ሰውዬ አስቸገረዎት?» አለቻቸው። እንባቸውን ሳይጠርጉ «አዎ፤ ልጄ ነው» አሏት። ሴትዮዋ ሽበቴን አየችና ውሻዋን ጎትታ ሄደች።

ያን ሰሞን ፈተና የደረሰባት፣ የአረጋውያን እንክብካቤ የምትማረው ጎረቤታችን ትዕግስት «አባባ፣ ፕሩፉንጌ ደርሷል፣ አንድም ነገር አልያዝልህ አለኝ» ብላ ደረጃው ላይ ታለቅስ ነበር። ወይዘሮ ማልሱን አስተርጉምልኝ አላሉም። ክንዷን ይዘው ወንዝ ዳር ወሰዷትና የራሳቸውን ጥናት አቁመው ሁለት ሳምንት ለእሷ ሰጧት፤ በየምሰሶው አንድ የመድኃኒት ስም። ፈተናውን አለፈች። «አባባ፣ እግሬ እኮ ጠረጴዛው ሥር ሲሄድ ነበር» አለችኝ።

በመጨረሻው ምሰሶ ሥር ልጁ «እማዬ፣ መጣሁ» ይላል። ያንን ግን አንድም ቀን አላልኩላቸውም። «እማዬ፣ ምሳ ደርሷል?» እያልኩ አበላሸው ነበር። ቃሉን መስማት የነበረባት የገዛ እናቴ ሳልደርስላት አርፋለችና ከአፌ አይወጣም። እሳቸው ጣታቸውን ቀስረው «ይህቺ አለችብህ» ይሉኝ ነበር።

ሴኡል ሄዱ፤ ሠሩ። ድራማው ሲታይ እሳቸው፣ ሄጂን፣ ትዕግስትና እኔ አራታችንም ሶፋቸው ላይ ተደርድረን ነበር። በሩ ተንኳኳ፤ እናትየዋ ከፈተች፤ አንድም ቃል አልጠፋም። ልብ ብዬ ሳይ ከቀሚሱ ሥር ተረከዛቸው ቀስ እያለ ይነሣ ነበር። ሄጂን ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች።

በቀብሩ ዕለት ሄጂን አጠገቤ መጥታ ቆመች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «በስንተኛው ክፍል ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የመጨረሻው ነው። እማዬ ብትሰማዎት ሳምንት ሙሉ ትስቅ ነበር» አለችና እንባዋ እየወረደ ሳቀች። እኔም ተከተልኳት። በዚያ ቀን የሳቅሁት ሳቅ አያሳፍረኝም።

እትዬ ማልሱን፣ በሰላም ይረፉ። ምሰሶዎቹ በቦታቸው ናቸው። ትዕግስት ሥራ ይዛለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በቅርብ የመጡትን ልጆች ወንዝ ዳር ወስዳ ጀርመንኛ ታስጠናቸዋለች፤ በየምሰሶው አንድ ቃል። ሰው ዞር ብሎ ያያቸዋል፤ ግድ የላቸውም። እኔም ከኋላ ከኋላ አዘግማለሁ። የመጨረሻው ምሰሶ ጋ ስደርስ እንዳስተማሩኝ ተረከዜን ጫን አደርጋለሁ፣ አፌን እከፍታለሁ፤ ከዚያ ስለ ምሳ እጠይቃለሁ። እዚህ ጻፍኩት እንጂ ገና አላልኩትም። ያቺ አንዲት ቃል አለችብኝ።